ጠያቂው ሐኪም በተጠየቁ ጊዜ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ ዓመት፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች ለእኛ ለመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ባዘዙን ጊዜ፣ አብዛኞቻችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ለመጻፍ ተነሥተን ነበር። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ዐድዋ በየዓመቱ ተጽፏል፣ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኛ ከገዛ ደጃፋችን የሆነ አንድ ነገር ሐሳባችንን ስለ ሳበው፣ ስለ አንድ የሩቅ አገር ሐኪም ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን በዘበኝነት ያገለገሉ፣ ጧት ጧት ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለውን የሐዲድ ብረት እየመቱ ስንቱን ትውልድ ወደ ክፍል ያስገቡ አንድ አባት አሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሆኖም አሁንም ጋቢያቸውን ተከናንበው ማልደው ወደ በሩ ይመጡና «ደወሉ ተደወለ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ተደውሏል አባባ» ስንላቸው ይሄዳሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሰው ያንኑ ይጠይቃሉ። እውነቱን ለመናገር እኛ እንስቅ ነበር። «አባባ ጃጁ» እንል ነበር። አንዳንዶቻችንም «ገና አልተደወለም፣ ይሩጡ!» ብለን ሽማግሌውን እስከ ዋርካው ድረስ አስሩጠናል። ይህን የምንጽፈው ደስ ብሎን አይደለም።

የሥነ ሕይወት መምህራችን ይህን ባዩ ጊዜ አልተቆጡንም። በዚያን ዕለት የተመደበውን ትምህርት ትተው ስለ አንድ ጃፓናዊ ሐኪም ብቻ ነገሩን፤ ሰዓቱም አለቀ። እኛም ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ሰው ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ከረምን።

ሐኪሙ ዶክተር ካዙዎ ሃሴጋዋ ይባላሉ። በ1929 በጃፓን በአይቺ አውራጃ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1953 ቶኪዮ ከሚገኘው ከጂኬይ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ ከሕክምናም ክፍሎች የአእምሮን ሕክምና መረጡ፤ ወደ አሜሪካም ተሻግረው ተምረው ተመለሱ። በዚያን ዘመን የሽማግሌ አእምሮ የማንም ጉዳይ አልነበረም። ሰው ሲያረጅ ይረሳል፣ ሲብስበት ደግሞ ይቀባጥራል፣ ይኸው ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

እንዲህ ያለው አስተያየት የጃፓን ብቻ እንዳይመስለን አንድ የቆየ ታሪክ እናስገባ። በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ተወሰደች። አሎይስ አልዛይመር የሚባል ሐኪም ከፊቷ ተቀምጦ ስሟን ይጠይቃታል፤ አውጉስተ ትለዋለች። የባልሽ ስም ማን ነው ይላታል፤ አሁንም አውጉስተ ትላለች። ስምሽን ጻፊ ብሎ እርሳስ ሲሰጣት ጀምራ አትጨርሰውም። ራሴን አጥቻለሁ ማለቷም ተጽፏል። በ1906 በሞተች ጊዜ አልዛይመር አእምሮዋን በብር ቀለም እየነከረ በማጉያ መነጽር መረመረ፤ ከሴሎቹ ውስጥ የተተበተቡ ክሮች፣ ከሴሎቹም መካከል የረጋ ዝቃጭ አገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ይህን አስረዳ፤ ከሰሚዎቹ አንድም ጥያቄ የጠየቀው አልነበረም ይባላል። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ሊቅ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይህ ስም የሚሰጠው ገና በጕልማሳነት ለሚታመሙት ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ሲታመም ግን አረጀ እንጂ ታመመ አይባልም ነበር።

ወደ ሃሴጋዋ እንመለስ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በቶኪዮ በሚገኙ የአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ ስንቶቹ ሽማግሌዎች በዚህ ሕመም እንደ ተያዙ እንዲመረምሩ ታዘዙ። ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ያነጋግሩ ጀመር። አለቃቸው ፕሮፌሰር ሺንፉኩ ግን አንድ ቀን ነገሩን ነቀፉት። ይኸውም ትናንት የመረመርክበትና ዛሬ የመረመርክበት ዓይን አንድ ካልሆነ ውጤቱ ምን ዋጋ አለው? ማንም ሐኪም ቢይዘው የማይለዋወጥ መለኪያ አብጅ አሏቸው። ይህ ነቀፌታ ለጃፓን ሕዝብ የበጀ ነቀፌታ ሆነ። ሃሴጋዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥያቄ እየመረጡ፣ እየሞከሩ፣ እየጣሉ ቆይተው በ1974 መለኪያውን አወጡ። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ በካዋሳኪ በሚገኘው በሴይንት ማሪያና የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ኋላም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

መለኪያው ማሽን አይሻም፤ ደምም አይቀዳም። ወረቀትና እርሳስ፣ ጥቂትም ደቂቃ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ላይ የፓስፊክ ጦርነት ያለቀበት ዓመትና የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ሳይቀር ይጠየቅ ነበር፤ በ1991 ታርሞ ሲወጣ ግን እንዲህ ያለው ቀርቶ ዘጠኝ ጥያቄዎች ሆነ። ዕድሜዎ ስንት ነው? (በሁለት ዓመት ቢሳሳቱ ይታለፋል።) ዛሬ ዕለቱ፣ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱስ? አሁን ያለነው የት ነው? እነዚህን ሦስት ቃላት ይድገሙልኝ፤ የቼሪ አበባ፣ ድመት፣ ባቡር፤ ኋላ ደግሞ እጠይቅዎታለሁ። ከመቶ ላይ ሰባት ሲነሣ ስንት ይቀራል? ከዚያስ ላይ ሰባት ሲነሣ? ቁጥሮችን ከኋላ ወደ ፊት መጥራት አለ፤ ታይተው የተሸፈኑ አምስት ዕቃዎችን ማስታወስ አለ፤ በመጨረሻም የሚያውቁትን የአትክልት ስም ሁሉ መቁጠር አለ። ሙሉ ነጥቡ 30 ነው፤ 20ና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ደኅና አድርጎ ሊመረመር ይገባዋል ማለት ነው።

እኛም በመኝታ ቤታችን እርስ በርሳችን ሞከርነው። በሒሳብ የሚመካው ጓደኛችን ከመቶ ሰባት እያነሣ እስከ መጨረሻው ሊወርድ ቢነሣ 79 ላይ ሲደርስ ተሰናከለ። ሌላው አትክልት ቍጠር ቢባል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቲማቲም ካለ በኋላ በስድስተኛው «ሽሮ» ብሎ ቤቱን በሣቅ አፈረሰው። ነገር ግን አንድ ዝም የሚል ልጅ «ባላውቀውና እናንተ እንዲህ ብትሥቁብኝስ?» ባለ ጊዜ ሣቃችን ቆመ።

ሃሴጋዋ ራሳቸው የፈሩት ይህንኑ ነበር። መለኪያው በመላው ጃፓን ከተሠራጨ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ሽማግሌው ገና ከመቀመጡ ከመቶ ሰባት ሲነሣ እያሉ ይጀምሩ ነበር። ልጅ ያሳደገ፣ ሱቅ የመራ፣ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ተብሎ እንደ ሕፃን ሲጠየቅ ክብሩ ይነካል፤ ይቆጣል፤ ወይም አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ሐኪሙ በየንግግራቸው የሚያሳስቡት አስቀድማችሁ ለምኑ፣ ፈቃዱን ጠይቁ፣ እንቢ ቢል ተዉት እያሉ ነበር። በእኛ ግምት ከመለኪያው ይልቅ ይህ ቃላቸው ይበልጣል፤ የቀረው ክፍላችን ግን በዚህ አልተስማማም።

ለነገሩ የዚያን ዘመን ጃፓን የዚህን ሕመም ሸክም ማየት የጀመረችው በልብ ወለድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1972 ሳዋኮ አሪዮሺ የተባለች ደራሲ አእምሮው የከዳውን አማቷን ስለምታስታምም አንዲት ሠራተኛ ሴት መጽሐፍ አወጣች፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በየቤቱ ተደብቆ የኖረው ነገር አደባባይ ወጣ። ቤተሰብ በሽተኛውን ቆልፎበት ሥራ የሚሄድበት፣ በሐኪም ቤትም ከአልጋ ጋር የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። ሃሴጋዋ በ1980ዎቹ በሚያስተምሩበት ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማኑ በአንድነት ተሰብስበው የሚውሉበትን ዝግጅት ጀመሩ፤ በሽተኛው ይዝናናል፣ አስታማሚውም ለጥቂት ሰዓት ያርፋል በማለት ነበር። በ2000 የጃፓን መንግሥት ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚሆን የመድን ሕግ በሥራ ላይ አዋለ፤ በዚሁ መሠረት በሚሠሩት ቤቶች ሰውን ማሰር በመሠረቱ ክልክል ሆነ።

አሁን ወደ ቃሉ ነገር እንግባ፤ እኛን የነካን ይህ ነውና። ጃፓናውያን ይህን ሕመም «ቺሆ» ይሉት ነበር። በሁለት ፊደላት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ሞኝ ማለት ነው፤ ሁለተኛውም ከዚያ የራቀ አይደለም፤ የፈዘዘ፣ የጀለ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ሐኪም ለታማሚው «ቺሆ ይዞዎታል» ሲለው በመንግሥት ማኅተም «ጅል ሆነዋል» እንዳለው ይቈጠራል። በዚህ ምክንያት ሰዎች ለመመርመር ያፍሩ ነበር። በ2004 የጤና ሚኒስቴር ስሙን የሚመረምር ጉባኤ ሰበሰበ፤ ሃሴጋዋም ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት በኪዮቶ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የአልዛይመር ስብሰባ ላይ በሽታው የያዘው አንድ ጃፓናዊ በሕዝብ ፊት ቆሞ በገዛ ስሙ ተናገረ። በታኅሣሥም አሮጌው ቃል ከመንግሥት ጽሑፍ ወጣ፤ በምትኩ «ኒንቺሾ» ገባ፤ ይኸውም የማወቅ ችሎታ ሕመም እንደ ማለት ነው። ከዚያም ወዲያ ስለ ሕመሙ አጭር ትምህርት የሚሰጥበት ዘመቻ በ2005 ተጀመረ፤ ተማሪው፣ የባንክ ጸሐፊው፣ ባለሱቁ እየተማረ የተማሩት ቍጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

እኛስ? ሐኪሞቻችን «የመርሳት በሽታ» ይሉታል፤ ጥሩ ስም ነው። በየመንደሩና በትምህርት ቤታችን በር ላይ የሚሰማው ግን «ጃጀ» የሚለው ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ሕመም የለበትም፤ መሣቂያነት ብቻ አለበት።

እንግዲህ ሐኪሙ ከ80 ዓመት በላይ ሲሆናቸው በራሳቸው ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከቤት ሲወጡ በሩን ይቆልፋሉ፤ ጥቂት እንደ ሄዱ ቆልፌዋለሁ ወይ ብለው ይጠራጠራሉ፤ ተመልሰው ያዩታል፤ ተቆልፏል፤ እንደገና ይሄዳሉ፤ እንደገና ይጠራጠራሉ። ማናችንም እንዲህ ሆነን እናውቃለን፤ ነገር ግን እኛ አንድ ጊዜ ተመልሰን ካየን ይበቃናል። ለእሳቸው ግን አልበቃቸውም፤ ያዩት አልረጋላቸውም። ግማሽ ምዕት ዓመት ሌላውን ሲመረምሩ የኖሩት ሰው ይህ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ ሐኪም አላስፈለጋቸውም ለማለት ይቻላል። ቢሆንም እንደ ማንኛውም ሰው ሄደው ተመረመሩ፤ የአእምሮአቸው ሥዕል ተነሣ፤ ጥያቄውም ቀረበላቸው። በ2017፣ በ88 ዓመታቸው፣ ሕመሙ እንዳለባቸው ተረጋገጠ። ዓይነቱ አልዛይመር ሳይሆን የእሱ ጎረቤት ነው፤ በብር ቀለም የሚታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች በአእምሮ ውስጥ እየተከማቹ የሚያመጡት፣ በስተርጅና የሚነሣ፣ ብዙውን ጊዜም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው።

ሊደብቁት ይችሉ ነበር። ማን ይጠይቃቸዋል? እሳቸው ግን በዚያው ዓመት በሕዝብ ፊት ቆመው እኔም ይዞኛል አሉ። ቀደም ሲል አንድ አንጋፋ ባልደረባቸው አንተ ራስህ ስትታመም ነው ምርምርህ የሚፈጸመው ብሏቸው ነበርና ይህን እያስታወሱ ይናገሩ ነበር። በ2019 መጽሐፍ ሲያወጡ ርእሱን የመርሳትን ሕመም ነገር ገና አሁን ገባኝ የሚል መንፈስ ሰጡት። ሃምሳ ዓመት ያስተማሩ ፕሮፌሰር «ገና አሁን ገባኝ» ሲሉ ቀልድም ነው፣ እውነትም ነው። ፈገግታ ከፊታቸው የማይለይ ሰው እንደ ነበሩ ሥዕላቸውን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ምን ገባቸው? አንደኛ፣ ሰው በአንድ ቀን ሌላ ሰው አይሆንም። ትናንት የነበርኩት እኔ ዛሬም ያው ነኝ፤ መካከል ላይ የተሰመረ መሥመር የለም ይሉ ነበር። ሕመሙም ከጧት እስከ ማታ አንድ አይደለም፤ ጧት ልባቸው ብሩህ ነው፤ ቀትር ሲያልፍ ይደክማሉ፤ ሲመሽ የት እንዳሉና ምን ይሠሩ እንደ ነበር ይምታታባቸዋል፤ ተኝተው ሲነሡ ደግሞ ይመለስላቸዋል። ይህን በሐኪምነታቸው ዘመን አልደረሱበትም ነበር፤ ሕሙማኑ የሚመጡት በቀጠሮ ሰዓት ነውና። ከዚህም ሌላ ሰዎች እሳቸው በተቀመጡበት ስለ እሳቸው እርስ በርስ ሲነጋገሩና ሲወስኑ እንደሚያዩ፣ እንደሚሰሙ፣ እንደሚያማቸውም ገለጹ። ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ከዚያ ጠብቁ፤ መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል አሉ።

በ2020 መጀመሪያ የጃፓን ቴሌቪዥን ስለ ኑሮአቸው አንድ ፊልም አሳየ። በዚያ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ቤተሰቡ እንዲያርፍ ሲባል ሐኪሙን ሕሙማን ወደሚውሉበት ቤት ወሰዷቸው፤ ያንኑ ዓይነት ቤት እሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ለሌሎች ያስጀመሩት ነው። አልወደዱትም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቸኝነት ተሰማኝ፣ መሄዱን ልተው አሉ። ይህ ከዚህ በፊት ያሉትን ያፈርሳል የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም፤ ቤተሰቡ እንደሚደክምም ያውቁ ነበር፣ እሳቸው እንደሚከፋቸውም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። በቤታቸው ሲሆኑ ግን ወደ ሠፈራቸው ቡና ቤት ወርደው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ባለቡና ቤቱም ያውቃቸዋል፤ ሒሳብ ቢረሱም የሚቸግር ነገር አልነበረም ብለን እንገምታለን።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ሐኪሙ በብዙ ቦታ የተናገሩት፣ በ2018ም ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ያደረጉት ነው። የሚስታቸው አባት በሸመገሉ ጊዜ ይኸው ሕመም ይዟቸው ነበር። አንድ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ለራት ተሰብስቦ ሳለ ሽማግሌው ዙሪያቸውን ተመለከቱና እናንተ እነማን ናችሁ፣ ማንም ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም፣ ተቸገርኩ አሉ። ሁሉም ዝም አለ፤ ሐኪሙም ጭምር፤ ያ ሁሉ ትምህርት መልስ አላቀበላቸውም። በዚያን ጊዜ ከልጆቻቸው አንዲቱ፣ አያቴ፣ አንተ ባታውቀን እኛ ሁላችን እናውቅሃለንና አትስጋ አለችው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ተረጋጉ። ሐኪሙ ከልጃቸው አፍ የሰሙትን ይህን ቃል ከመጻሕፍት ሁሉ አስበልጠው ያዙት።

ዶክተር ሃሴጋዋ በኅዳር 13 ቀን 2021 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። ስማቸው የተጠራበት መለኪያ ዛሬም በጃፓን ሐኪም ቤቶች ይሠራበታል፤ ዛሬም አንድ ሽማግሌ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቼሪ አበባ፣ ድመት፣ ባቡር ይላል።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ልናስረክብ በተዘጋጀንበት ጧት አባባ እንደ ልማዳቸው መጡ። ለበዓሉ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅሉ ትንንሽ ልጆች በሩ ላይ ነበሩ።

«ደወሉ ተደወለ ወይ?» አሉ።

«ተደውሏል አባባ» አልናቸው።

ሌላ ጊዜ በዚህ ይሄዱ ነበር፤ በዚያን ዕለት ግን ጠበቅናቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ዋርካው አዩ።

«ማን ደወለው?»

«እርስዎ አመታቱን ያሳዩት ልጅ ነው አባባ፤ ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ ላላ አድርጎ።»

«እንደሱ ነው» አሉና ቁጭ አሉ።